ስለ ነጯ መስመር፦ ለሰደባችሁኝም፣ አይዞህ ላላችሁኝም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። አንብቦ መስደብ ይቻላል፤ ሳያነቡ መስደብ ግን ባለፈው ሳምንት በቂ ሆኗል።

ላላያችሁት፦ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ሦስት የገና ዱላ፣ ቆልመም ያለው ጫፋቸው ላይ በነጭ ቀለም የተሰመረች አጭር መስመር፣ ከኋላ ደግሞ እዚሁ ሐይቅ ሜዳ ላይ የሚስቁ ተማሪዎች። ከሥሩ "ከጎልፍ የኮረጅነው" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ለቀልድ ነበር። አገር ተንጫጫ።

ኮመንቱን ሰብሰብ ሳደርገው ሦስት ክስ ነው። አንደኛው "ባህላችንን በረዝክ" ይላል። ሁለተኛው "መስመር ያለው ዱላ ማጭበርበር ነው፤ ገና የሚመታው በዓይንና በክንድ ነው" ይላል። ሦስተኛው አጭር ነው፦ "በዲፕሎማ ጎልፍ!" በዚህኛው ብዙ ሰው ሳቀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ሦስቱንም እመልሳለሁ። ከሦስቱ ሌላ ማንም ያልከሰሰኝ አራተኛ ክስ አለ። ዋናው እሱ ነው፤ እሱን እኔው ራሴ አቀርበዋለሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደመጣ። አንድ የድሮ ተማሪዬ አዲስ አበባ በአንድ የጎልፍ ሜዳ ካዲ ሆኖ ይሠራል። ካዲ ማለት የተጫዋቹን ዱላዎች ተሸክሞ አብሮ የሚዞር፣ ሲጠየቅም የሚያማክር ረዳት ነው። ጎልፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ክለብ አለ፣ እንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥም ሜዳ አለ። ለሐይቅ ልጅ ግን ከጨረቃ ብዙም አይቀርብም። ልጁ ለበዓል መጥቶ ሻይ ስንጠጣ ስልኩን አወጣና "ቲቸር፣ ይቺን እዩልኝማ" አለኝ።

ፓተር ነበረች። ፓተር ኳሷ ጉድጓዱ አጠገብ ስትደርስ በሣሩ ላይ ቀስ አድርገው የሚያንከባልሉባት ዱላ ናት። የዚህችኛዋ ጀርባ ላይ ልክ የጎልፍ ኳስ የሚያካክሉ ሁለት ነጫጭ ክቦች ተሥለዋል። ኳሷን ከፊቷ ስታስቀምጥ ሦስት ኳሶች በአንድ ረድፍ የቆሙ ይመስላል። ረድፉ ቀጥ ካለ ዱላህ ወዳሰብከው ቦታ ዞሯል። ከተጣመመ ዱላህ ተጣሟል። በቃ፣ ይኸው ነው ጥበቡ።

አሁን ወደ ክሶቹ። ከመጨረሻው ልጀምር።

"በዲፕሎማ ጎልፍ" ላላችሁኝ፦ አዎ፣ ያለኝ ዲፕሎማ ነው። የማስተምረውም ሰውነት ማጎልመሻ ነው፣ ብዙዎቻችሁ "የኳስ ክፍለ ጊዜ" የምትሉትን። ዲፕሎማዬ ግን አንግል ለመለካት አላነሰኝም። የጎልፍ ጉድጓድ አፉ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከመሐል እስከ ጠርዝ 5.4። ኳሷ 4.27 ሴንቲ ሜትር ናት። ከጉድጓዱ 3 ሜትር ርቀህ ቆመሃል እንበል። የዱላህ ፊት 1 ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ ኳሷ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ከመሐሉ 5.2 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች፤ ከጠርዙ ላይ ማለት ነው፣ ልትገባም ላትገባም ትችላለች። 2 ዲግሪ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትርቃለች፤ ደህና ሁኚ በላት።

2 ዲግሪ ስንት መሰላችሁ? የሰዓት ደቂቃ ቆጣሪ በ20 ሴኮንድ የምትሄዳት ናት። ዓይናችሁ አያያትም። በእኛ ሜዳ ደግሞ ኳሷ 20 ሜትር ከሄደች ያቺው 2 ዲግሪ 70 ሴንቲ ሜትር ትሆናለች። "ክንዱ ደካማ ነው" የምትሉት ልጅ ክንዱ ምንም አልሆነም፤ የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ አላየም። የገና ዱላ ደግሞ ቅርንጫፉ በተፈጥሮው በተቆለመመበት ነው የሚቆረጠው፤ ሁለት ዱላ አንድ ዓይነት ቆልማማ የለውም። አዲስ ዱላ የያዘ ልጅ የሚመታው ጎን ወዴት እንደሚያይ የሚያውቀው ስቶ ስቶ ነው።

ይህን ችግር ጎልፈኞቹ በሁለት መንገድ ነው የተያያዙት። አንዱ የእጅን ስህተት ማረም ነው። ካርስተን ሶልሃይም የሚባል በትውልድ ኖርዌያዊ መሐንዲስ በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጣት አንሰር የምትባል ፓተር ክብደቷን ወደ ሁለት ጫፍ ከፍላ ስለያዘች ኳሷ ከመሐል ወጣ ብላ ብትመታም ዱላዋ ቶሎ አትጠማዘዝም። ሁለተኛው መንገድ የዓይንን ስህተት ማረም ነው። ናሳ ይሠራ የነበረ ዴቭ ፔልዝ የሚባል የፊዚክስ ሰው ከዱላው ጀርባ ኳስ የሚመስሉ ክቦች የመደርደርን ሐሳብ አስቀድሞ ሞክሮ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦዲሲ የተባለው ድርጅት ቱ-ቦል የምትባለዋን ባለ ሁለት ክብ ፓተር አውጥቶ ዓለም ሁሉ ገዛት።

ለምን ሠራች? ይህን ለመረዳት ጎልፍ አያስፈልግም፤ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የሰልፍ መሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ተማሪ ብቻውን ቆሞ "ወደ ሰንደቁ ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት?" ቢላችሁ አታውቁም። ሠላሳ ተማሪ ተሰልፎ ከጫፍ ሆናችሁ ስታዩ ግን በግማሽ ጫማ የወጣችዋን ልጅ ወዲያው ትለያላችሁ። የሰው ዓይን "ይህ ነገር ወዴት ዞሯል?" ለሚለው ደካማ ነው፤ "እነዚህ ነገሮች በአንድ መስመር ናቸው?" ለሚለው ግን ንሥር ነው። ባለ ሁለት ክቧ ፓተር የሠራችው ይህንኑ ነው፤ ከባዱን ጥያቄ ወደ ቀላሉ ቀየረችው። እኛም በጠመኔ ዋጋ ያደረግነው ይህንኑ ነው።

እሺ፣ "ባህል በረዝክ" ወዳላችሁኝ።

እስቲ ቀና በሉ። የምንኖረው የት ነው? ሐይቅ እስጢፋኖስ አጠገብ። በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ1280ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ.፣ ለገዳሙ የተሰጠው ወንጌል እስከ ዛሬ ስሙ ይጠራል። የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ? ቁም ጸሐፊው ቀለም ከመንከሩ በፊት የብራናውን ጠርዝ በወስፌ እየወጋ ይበሳዋል፤ ከዚያ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ጫን አድርጎ ያሰምራል። ብራናውን ወደ ብርሃን ዘንበል ስታደርጉት ትታያችኋለች። ፊደሉ በእሷ ላይ ነው የሚሰለፈው። ያ ጸሐፊ አጭበርባሪ ነው? ዓይኑ ደካማ ስለሆነ ነው? ኧረ ተዉ! ያሰመረው ጥበቡን ስለሚያከብር ነው።

ከገዳሙ ወደ ከተማ ውጡ። መስጊድ የሚገባ ወንድሜ ምንጣፉ ላይ ያለችውን መስመር ያውቃታል፤ ሶፉ የሚስተካከለው በእሷ ነው። ሚህራቡ ራሱ ቂብላ ወዴት እንደሆነ ለዓይን ይነግራል። ግንበኛውን እዩት፤ ክርና ቱምቢ ሳይዝ ግድግዳ አያቆምም። ቱምቢ ይዞ የመጣን ግንበኛ "አንተ ዓይን የለህም እንዴ?" የሚለው የለም። ቱምቢ ሳይዝ የመጣውን ነው የምናባርረው።

ስለዚህ "መስመር የፈረንጅ ነው" የሚለውን እዚሁ ላይ እንዝጋው። ፈረንጅ ጎልፍ ዱላ ላይ ከማስመሩ በፊት እኛ ብራና ላይ አስምረናል። ገናን የሚገድለው ነጭ ቀለም አይደለም። ገናን የሚገድለው በበዓሉ ቀን ልጁ ስልኩን ይዞ ጥግ መቀመጡ ነው። እኔ ልጁን ሜዳ አወጣሁት፤ እናንተ ስልካችሁ ላይ ሆናችሁ ባህል አስጠበቃችሁ።

ቀጥሎ "ማጭበርበር ነው" ያላችሁት። ይሄኛው ከባድ ነው፤ ላከብረው ይገባል። ምክንያቱም ጎልፈኞቹም ተጨቃጭቀውበታል፣ የደረሱበትም መልስ ለእኛ ይጠቅማል።

የጎልፍ ሕግ እንዲህ ይላል። ዱላህ ላይ መስመር ይኑር፤ ይፈቀዳል። ኳስህ ላይ በማርከር መስመር አስምረህ ወደ ጉድጓዱ አዙረህ አስቀምጥ፤ ይፈቀዳል። ልትመታ ስትቆም ግን አቅጣጫ እንዲያሳይህ መሬት ላይ ሌላ ዱላ አታጋድም፤ ክልክል ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንድ ተጨመረ፦ ለመምታት ቦታህን መያዝ ስትጀምር ካዲህ ከኋላህ በኳሷ መስመር ላይ ሆን ብሎ መቆም አይችልም። ከዚያ በፊት አንዳንድ ካዲ ከኋላ ቆሞ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አዎ፣ አሁን ምታ" ይል ነበር። ሕጉ በአጭሩ ያለው፦ ወዴት እንደዞርክ ማወቅ የጨዋታው ፈተና አካል ነው፤ እሱን ብቻህን ትወጣዋለህ።

ሕጉ በወጣ በወሩ፣ ጥር 27 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ዱባይ ላይ ቻይናዊው ሊ ሃኦቶንግ በመጨረሻው ጉድጓድ ቆሞ ሊመታ ሲዘጋጅ ካዲው ከኋላው ነበር። ሁለት ምት ተቀጣ። ከእኩል 3ኛ ወደ እኩል 12ኛ ወረደ። ብዙ ሰው "ካዲው እኮ ምንም አላለም" ብሎ ጮኸ፤ በየካቲት ወር ሕጉ ግልጽ እንዲሆን ማብራሪያ ወጣ። መርሁ ግን አልተነሳም።

እንግዲህ ልዩነቷን ልብ በሉ። መስመሯ ተፈቀደች፤ ከኋላ የሚቆመው ሰው ተከለከለ። ለምን? መስመሯ ምንም አታውቅም። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ ሣሩ ወዴት እንዳዘነበለ አትነግርህም። አንተ መርጠህ፣ አንተ አይተህ፣ አንተ ታዞራታለህ፤ እሷ የምትነግርህ ያልከውን ማድረግህን ብቻ ነው። ከኋላ የቆመው ሰው ግን ባንተ ፈንታ ያያል። አንተ ክንድ ብቻ ሆነህ ትቀራለህ።

መስመሯንም ቢሆን ጣዖት አላደርጋትም። ዱላው ላይ ያለች መስመር ልክ የምትሆነው ዓይንህ ከበላይዋ ሲሆን ነው። ወደ ኋላ ሸሸት ብለህ ካየሃት ቀጥ ያለችውም ዘማ ትታይሃለች። አሰማመሩ ራሱ ከተዛነፈ ደግሞ በሙሉ ልብ ትስታለህ፤ በጥርጣሬ ከመሳት የሚብስ እሱ ነው። የእኛ የመጀመሪያዋ መስመር እንዲያ ነበረች፤ በችኮላ አስምሬያት ልጆቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ሲመቱ ዋሉ። አንዷ ተማሪዬ ደግሞ በመስመር ጭራሽ ባሰባት። "ቲቸር፣ መስመሯን ሳይ ኳሷን እረሳታለሁ" አለችኝ። ትክክል ናት፤ የእሷን ዱላ አጠብነው። "ይህን ዱላ ግዛ፣ አንድም ኳስ አትስትም" የሚለው የማስታወቂያ ወሬ ውሸት መሆኑን ከሐይቅ ሜዳ መመስከር እችላለሁ።

አሁን ወደ አራተኛው ክስ። ማንም ያላነሳውን።

"መስመር ታሰምራለህ" ብላችሁ ወቀሳችሁኝ። ልክ ናችሁ፣ ግን የወቀሳችሁኝ በተሳሳተው መስመር ነው። የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ አስታውሱ። ፈተና ሲደርስ ክፍል ገብቼ "ደብተር አውጡ፣ እቺን አስምሩባት፤ ትመጣለች" አላልኳችሁም? ብያለሁ። አስምራችኋል። ያሰመራችሁባት መጣች፣ ማርኩ መጣ፣ ወላጅ ደስ አለው፣ እኔም "ጎበዝ መምህር" ተባልኩ። ይቺ ነጭ መስመር አይደለችም። ይቺ ከኋላ መቆም ናት። ጥያቄውን እናንተ ሳትሆኑ እኔ አየሁላችሁ፣ አቅጣጫውን እኔ መረጥኩላችሁ፣ እናንተ እስክሪብቶ የያዘ ክንድ ብቻ ሆናችሁ። ብቻዬን አይደለሁም ብዬ ልጽናና እችል ነበር፤ ያሰመረ መምህር ሞልቷል። መጽናኛው ግን ተማሪ አያሳልፍም።

ከዚያ ምን ሆነ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከኋላ የሚቆመው ሰው በር ላይ ቀረ። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። ልጆቹን አልወቅስም። የእኛ አካባቢ ልጅ በኮሮና የቀረ፣ በጦርነት የተፈናቀለ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የተማረ ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መከራው ያልደረሰበት ከተማም ወድቋል። የወደቀው ዓመታት ሙሉ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አዎ፣ አሁን ምታ" ሲባል የኖረ ልጅ፣ አንድ ቀን ብቻውን ቆሞ ወዴት እንደዞረ ማወቅ ስላቃተው ነው።

ስለዚህ ስድባችሁን ወደ ትክክለኛው ቦታ አዙሩት። ዱላ ላይ ለተሰመረች መስመር የተቆጣችሁትን ያህል፣ በቴሌግራም መልስ ለሚሸጠው ተቆጡ። ልጁን "ማን አጠገብ ተቀመጥክ?" ብሎ ለሚጠይቅ አባት ተቆጡ። የቤት ሥራውን ራሷ ሠርታ በልጇ ስም ለምትልክ እናት ተቆጡ። "አስምሩባት" ለሚል መምህርም ተቆጡ፤ እኔን ጨምሮ። እኔ ከዚህ ዓመት ጀምሮ አቁሜያለሁ። ብዙ ተማሪ ከፍቶታል። አንዳንድ ወላጅም "ምን አደረግንህ?" ብሎኛል።

"ታዲያ ያለ እርዳታ እንተዋቸው ወይ?" የምትሉ ትኖራላችሁ። አላልኩም። ገበሬን እዩት። በሬውን ጠምዶ ሁለተኛዋን ፈር ሲያወጣ የመጀመሪያዋን እያየ ነው፤ ሦስተኛዋን ሁለተኛዋን እያየ። ፈር መከተል ነውር አይደለም፤ ሁላችንም እንዲያ ነው የተማርነው። የመጀመሪያዋን ፈር የሚያወጣው ግን የሚከተለው መስመር የለውም። ከማሳው ማዶ አንዲት ዛፍ ወይም የአምባሰልን አንድ ጫፍ ይዞ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ነው የሚሄደው። "ፈር ቀዳጅ" የሚለውን ቃል ያገኘነው ከእሱ ነው። ትምህርት ቤት የማሰመሪያውን ዘመን ማሳጠር አለበት። ዘጠነኛ ክፍል አስምርለት፣ አሥረኛ ራሱ ያስምር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለ መስመር ይምታ። እስከ መጨረሻዋ ቀን ካሰመርክለት ግን ያስተማርከው መከተልን ብቻ ነው፤ ለአገሩ የመጀመሪያዋን ፈር ማን ያወጣለታል?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ዱላዎቹን ያሰመርን ቀን በሜዳው ዳር የሚያልፉ አንድ አባት ቆም ብለው አዩን። ሊቆጡ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እንደ ኮመንቱ ሰዎች። ዱላውን ተቀበሉኝ፣ ቆልማማውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ ወደ መስመሯ አዩና "መምህር፣ ይቺ ቀለም እኮ ሳምንት አትቆይም" አሉኝ። "አዎ አባባ፣ ለእሱው ነው" አልኳቸው። ሳቁና ዱላውን መለሱልኝ።

ልክ ነበሩ። ዛሬ ከሰዓት ልምምድ ላይ አየኋት፤ ሁለቱ ዱላ ላይ ጭራሽ የለችም፣ ሦስተኛው ላይ ጥላዋ ቀርታለች። ልጆቹ ግን ልብ እንኳ አላሉም፤ ሲመቱ ነበር። አልፎ አልፎ ይስታሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ዱላቸውን አየት አድርገው እጃቸውን ያስተካክሉና ደግመው ይመታሉ። እኔም እንደ ልማዴ ከኋላ ሆኜ "ወደ ግራ!" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

ታኅሣሥ 29 ከሰዓት ሜዳው ላይ እንጫወታለን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የሰደበኝም ያሞገሰኝም ይምጣ። ዱላ አለን። ቀለም ግን አልገዛንም።